ዕዳው ገብስ ያልነበረው ክለብ፦ የፖርትስማውዝ ደጋፊዎች ጉዳይ

ለምን አነሣሁት

ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ዘጠና ደቂቃው ሲያልቅ ሌላው ግጥሚያ ይጀመራል። የማንቼው ደጋፊ የክለቡን ባለቤቶች፣ ግሌዘሮችን ይረግማል። የአርሴናሉ "እኛስ ስንት ዓመት በቋጣሪ ባለቤት ተቃጠልን!" ይላል። የቼልሲው ዝም ብሎ ዋንጫ ይቆጥራል። አስተናጋጇ ጠርሙስ እየሰበሰበች "ሒሳብ!" ትላለች። የሚሰማት የለም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረምሳ ክርክሩን ባንዴ ሊዘጋው ሞከረ። "ሀብታም ይግዛን እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው!" አለ። ብዙዎች ሳቁ፤ ተስማሙም። እኔ ግን "ዕዳው" የምትለው ቃል ላይ ቀረሁ። ሀብታም ገዝቶት ዕዳው ገብስ ያልሆነለት ክለብ አውቃለሁ።

ክለቡ ፖርትስማውዝ ነው። ዋንጫ ያነሣ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ደረጃ ቁልቁል የወረደ፣ በመጨረሻም በራሱ ደጋፊዎች የተገዛ ክለብ። ከዚያ ደግሞ ደጋፊዎቹ ራሳቸው በድምፅ ለሀብታም ሸጡት። ስለ ባለቤት፣ ስለ ወጪና ስለ ዝውውር የምንጨቃጨቅበት ነገር ሁሉ እዚህ አንድ ጉዳይ ውስጥ ተጠቅልሎ አለ። ለዚህ ነው ዘርዘር አድርጌ የጻፍኩት።

ባለቤቶቹን በስም አልጠራም። ብዙ ስለሆኑ ያምታታሉ፤ ደግሞ ችግሩ ከሰዎቹ ይልቅ አሠራሩ ላይ ነበር ባይ ነኝ። የተጫዋቾቹን ስም ግን መተው አልቻልኩም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክለቡ ከመውደቁ በፊት

ፖርትስማውዝ ደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ያለ የባሕር ኃይል ከተማ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ደሴት ላይ ነው የተሠራው። ክለቡ በ1898 ተመሠረተ። ሜዳው ፍራተን ፓርክ ይባላል። በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሰነቀረ፣ ቢሞላ 20,000 ሰው ገደማ የሚይዝ አሮጌ ስታዲየም ነው።

ታሪኩ የዋዛ አይደለም። በ1949 እና በ1950 በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1939 የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ኤፍኤ ካፕን እንደወሰደ ደግሞ ጦርነት ተነሣና ውድድሩ ተቋረጠ። ዋንጫው ሰባት ዓመት እነሱ ዘንድ ተቀመጠ። ደጋፊዎቹ "ዋንጫውን እንደኛ ለረጅም ጊዜ ያቆየ የለም" እያሉ ይቀልዳሉ።

በ2003 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። በ2006 መጀመሪያ ላይ ለመውረድ ጫፍ ደርሶ ሳለ አንድ ወጣት ባለሀብት ገባ። ዝውውሩ ደራ። በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ሜይ 17 ቀን 2008 ዌምብሌይ ላይ፣ ካርዲፍን 1 ለ 0 አሸነፉ። ጎሉን ያገባው ካኑ ነው። ያ ረጅሙ ናይጄሪያዊ። በአርሴናል ዘመኑ ያየው የአዲስ አበባ ሰው "ይሄ ሰውዬ አያረጅም እንዴ?" ሲል ትዝ ይለኛል።

ኖቬምበር 2008 ላይ ደግሞ የጣሊያኑ ኤሲ ሚላን ፍራተን ፓርክ መጣ። ፖርትስማውዝ 2 ለ 0 መራ። ሁለተኛውን ያገባው አሁንም ካኑ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሮናልዲኒዮ በቅጣት ምት አንዱን መለሰ፤ በባከነ ሰዓት ኢንዛጊ አቻ አደረገ። ቢሆንም ለከተማው ተረት የመሰለ ምሽት ነበር።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ስታዲየሙ 20,000 ሰው ነው የሚይዘው። ዋንጫውን ባነሡበት ዓመት የደመወዝ ወጪው ብቻ ከ50 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ያኔ ያንንና ከዚያ በላይ ከሚከፍሉ ክለቦች አንዳንዶቹ በየጨዋታው ከ60,000 እና ከ70,000 ሰው ትኬት ይሰበስቡ ነበር። ፖርትስማውዝ ልዩነቱን ከየት አመጣው? ከባለቤቱ ኪስና ከባንክ። የባለቤቱ ገንዘብ ደግሞ ስጦታ ብቻ አልነበረም። በኋላ ክለቡ ሲከስር ሰውየው ራሱ ከአበዳሪዎች ተርታ ቆሞ ተገኘ።

ያኔ ይህንን የጠየቀ ደጋፊ ስንት ነበር? ብዙ አይመስለኝም። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር። ዋንጫ እየተነሣ ማን ደረሰኝ ይጠይቃል?

አንድ የውድድር ዘመን፣ አራት ባለቤት

የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ባለቤቱ ቧንቧውን ዘጋ። ባንኩም ገንዘቡን መጠየቅ ጀመረ። የቀረው መንገድ ተጫዋች መሸጥ ነው። ላሳና ዲያራ በ2009 መጀመሪያ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ዴፎ በዚያው ወር ቶተንሃም ገባ። በጋ ላይ ግሌን ጆንሰን ወደ ሊቨርፑል፣ ክራውች ወደ ቶተንሃም፣ ዲስታን ወደ ኤቨርተን ሄዱ። እያንዳንዱ ሽያጭ ሲሰማ ደጋፊው "በምትኩ ማን ይመጣል?" እያለ ይጠብቅ ነበር። ገንዘቡ ግን ቀዳዳ መድፈኛ ነበር።

የ2009/10 ዘመን ሲጀምር ሰባቱን የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፉ። ከሜዳ ውጪ ያለው ይብሳል። በኦገስት ክለቡ ከባሕረ ሰላጤው አገር ለመጣ ነጋዴ ተላለፈ። ያ ሰው ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በኦክቶበር ለሌላ ሰጠው። ፌብሩዋሪ ላይ ለዚህ ለሦስተኛው ያበደረ ሰው ክለቡን በዕዳው ወሰደ። በአንድ የውድድር ዘመን አራት ባለቤት ማለት ነው። የተጫዋቾች ደመወዝ ተደጋግሞ ዘገየ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ክለቡ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ።

ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2010 የኪሳራ አስተዳዳሪ ተሾመ። ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ እያለ እዚህ የደረሰ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። በቅጣት ዘጠኝ ነጥብ ተቀነሰበትና ወደ ቻምፒዮንሺፕ፣ ማለትም ሁለተኛው ደረጃ፣ ወረደ። ዕዳው ሲቆጠር ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር።

የአበዳሪዎቹ ዝርዝር ሲወጣ ነው ብዙ ሰው የደነገጠው። ባንክና ሀብታም ብቻ አልነበረም። በጨዋታ ቀን ሜዳ ዳር ቆመው የመጀመሪያ ሕክምና የሚሰጡት በጎ ፈቃደኞች፣ የቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ ድርጅት፣ 2,700 ፓውንድ ገደማ ይቀረው ነበር። ለአንድ ተጫዋች በሳምንት በአሥር ሺዎች የሚከፍል ክለብ 2,700 ፓውንድ አልከፈለም።

የእንግሊዝ እግር ኳስ እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለው። የከሰረ ክለብ ለተጫዋቾቹና ለሌሎች ክለቦች ያለበትን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ካልከፈለ በሊጉ መቀጠል አይችልም። ሌላው አበዳሪ ከተረፈው ይካፈላል። በዚያ ዓመት የተደረሰው ስምምነት ለሌላው አበዳሪ ከአንድ ፓውንድ 20 ፔንስ እንዲከፈል ነበር። ከአንድ ብር ሃያ ሳንቲም እንደ ማለት ነው። ኮከቡ ሙሉውን፣ ቁስል አሳሪው ሃያ ሳንቲም። ደንቡ ለምን እንደወጣ ይገባኛል፤ ክለቦች እርስ በርስ እንዲተማመኑ ነው። ግን ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ያ ዓመት ቢሆንም አንድ እንግዳ ደስታ ነበረው። ኤፕሪል ላይ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ቶተንሃምን አገኙ። የቶተንሃም አሠልጣኝ በ2008 ለፖርትስማውዝ ዋንጫ ያነሣው ሰው ነው። ዴፎና ክራውችም እዚያ ናቸው። ደመወዝ የሚዘገይበት ቡድን 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለተኛውን በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ኬቪን ፕሪንስ ቦአቴንግ ነው። በፍጻሜው ቼልሲ 1 ለ 0 አሸነፋቸው።

ከድጡ ወደ ማጡ

ሰው አንዴ ሲቃጠል ይማራል ይባላል። ክለብ ግን ሰው አይደለም።

ጁን 2011 ላይ አዲስ ባለቤት መጣ፤ ገንዘብ ያለው የባንክ ሰው። እንደገና ትልልቅ ደመወዝ ተፈረመ። ኖቬምበር ላይ በባንኩ ጉዳይ ተያዘ፤ ክለቡን የያዘው ድርጅት ወደቀ። ፌብሩዋሪ 2012 ክለቡ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ኪሳራ አስተዳደር ገባ። የመጀመሪያው ኪሳራ ክፍያ እንኳ ገና አላለቀም ነበር። አሥር ነጥብ ተቀነሰና ወደ ሊግ አንድ፣ ማለትም ሦስተኛው ደረጃ፣ ወረደ።

በ2012 በጋ አስተዳዳሪው ነገሩን ፍርጥ አድርጎ ተናገረ። ትልልቆቹ ደመወዝተኞች ካልወጡ ክለቡ ይዘጋል። ደጋፊው ተጫዋቾቹን "ሆዳሞች" እያለ ተሳደበ። እዚህ ላይ ከደጋፊው ጋር አልስማማም። ውሉን ያዘጋጀው ክለቡ ነው፤ ተጫዋቹ ፈረመ። አንተ ብትሆን ሁለት ዓመት የሚቀረውን ውል ቀድደህ ትወጣለህ? በመጨረሻ ሁሉም ተደራድረው ወጡ፤ የመጨረሻው ኦገስት ላይ። ቀሪ ገንዘባቸው በየዓመቱ የሚከፈል ዕዳ ሆኖ ተቀመጠ።

ዘመኑ ሲጀመር ክለቡ ሜዳ ያስገባው ታዳጊዎችንና ሙከራ ላይ ያሉ ልጆችን ነው። በሊግ ካፕ ፕሊመዝ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ በወር ውል የፈረሙ ተጫዋቾችና ውሰቶች መጡ። በወር ውል! እዚህ የቀን ሠራተኛ እንኳ ከዚያ የተሻለ ዋስትና የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ለ23 ጨዋታ አንድም ድል ሳያዩ ቆዩ። በሁለተኛው ኪሳራ ምክንያት ሌላ አሥር ነጥብ ተቀነሰ። ወደ ሊግ ቱ፣ ማለትም አራተኛው ደረጃ፣ ወረዱ።

ደጋፊዎቹ የሄዱበት መንገድ

የደጋፊዎቹ ማኅበር ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያው ቀውስ አካባቢ ነው የተቋቋመው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ቀውስ ሲመጣ ማኅበሩ ደንብ፣ የባንክ ሒሳብና የሚያምኑት ሰዎች ነበሩት።

አሠራሩን ለእኛ ሰው በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። ዕድር ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። መዋጮው ግን ከዕድር ይከብዳል፤ አንድ አክሲዮን 1,000 ፓውንድ። መጀመሪያ 100 ፓውንድ አስይዘህ ቃል ትገባለህ፤ ግዢው ከተሳካ ቀሪውን ትከፍላለህ። አቅም የሌላቸው ተቧድነው አንድ አክሲዮን ገዙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይሄው ነው። ቁጥራቸው ውሎ አድሮ ከ2,000 አለፈ።

ይህም ግን ብቻውን አልበቃም። ስለ ደጋፊ ግዢ ሲወራ ተረስቶ የሚቀረው ክፍል ይህ ነው። ከፍ ያለ ገንዘብ ያላቸው ጥቂት ደጋፊዎች "ፕሬዚዳንት" የሚል ማዕረግ ይዘው እያንዳንዳቸው ብዙ አዋጡ። የከተማው ምክር ቤት ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የአጭር ጊዜ ብድር ሰጠ። በስታዲየሙ ዙሪያ ባለው መሬት ላይ ፍላጎት ያለው የግንባታ ባለሀብትም ገባበት። "ሕዝቡ ገዛው" ማለት ልክ ነው፤ ግን ሕዝቡ ባለጸጋ፣ ማዘጋጃ ቤትና ጠበቃ አብሮት ነበር።

ዋናው እንቅፋት ሜዳው ነው። በዕዳ ክለቡን የወሰደው የቀድሞ ባለቤት ፍራተን ፓርክን በመያዣነት ይዞታል። ክለቡን ብትገዛና ሜዳው በሌላ ሰው እጅ ቢቀር ምን ገዛህ? ማሊያውንና ስሙን ብቻ። ሰውየው መያዣዬ ብዙ ሚሊዮን ያወጣል አለ። ማኅበሩ ደግሞ የወደቀ ክለብ ሜዳ ያን ያህል አያወጣም አለ። ወራት በድርድር አለቁ። የአዲሱ ዘመን ትኬት መሸጫ ደረሰ፤ የክለቡ ካዝና ባዶ ነው።

ኤፕሪል 10 ቀን 2013 ጉዳዩ ለንደን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበ። ደጋፊዎች በአውቶቡስና በባቡር ሄደው ችሎቱን ሞሉት። ዳኛው ከመወሰናቸው በፊት ወገኖቹ ኮሪደር ላይ ተስማሙ። የሜዳው ዋጋ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። ኤፕሪል 19 ግዢው ተጠናቀቀ።

እኔ ይህንን ክፍል ሳነብ የማስበው ኮሪደሩን ነው። ሰማያዊ ስካርፍ ያደረጉ ሰዎች፣ ካባ ከለበሱ ጠበቆች መካከል፣ ስለ መያዣ ዋጋ ሲንሾካሾኩ። ሁለትና ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እነዚሁ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ አጥቂ ነበር።

የሠራው

ወዲያው የታየው ትኬት ላይ ነው። ክለቡ አራተኛው ደረጃ ወርዶ፣ ለመጀመሪያው ዘመን ከ10,000 በላይ የዓመት ትኬት ሸጠ። ለዚያ ደረጃ ይህ ያልተለመደ ቁጥር ነው። ሰው የራሱን ቤት ሲጠግን ሳንቲም አይቆጥርም።

ሁለተኛ፣ ወጪው በገቢው ልክ ሆነ። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ የሚጠየቀው "ከየትኛው ገቢ ይከፈላል?" ነበር። ከድሮ ተጫዋቾች የቀረው ዕዳ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ተከፈለ፤ ሴፕቴምበር 2014 ላይ ክለቡ ከአሮጌው ዕዳ ነፃ ወጣ።

ሦስተኛው ሜዳ ላይ ዘግይቶ መጣ። በ2016/17 የመጨረሻ ቀን ቼልተንሃምን 6 ለ 1 አሸንፈው የሊግ ቱ ሻምፒዮን ሆኑ። ከፕሊመዝ ጋር እኩል 87 ነጥብ ነበራቸው፤ በጎል ልዩነት በለጡ። በዚያ ሙሉ ዘመን ሠንጠረዡን የመሩት በድምሩ 32 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የመጨረሻዋን 32 ደቂቃ። ለደጋፊ ከዚህ የጣፈጠ ሒሳብ የለም።

ያልሠራው

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በውጤት ረገድ ደካማ ነበሩ። አሥራ ሦስተኛ፣ ከዚያ አሥራ ስድስተኛ። በአንድ ዘመን ውስጥ ሁለት አሠልጣኝ ተሰናበተ። ደጋፊ ባለቤት ስለሆነ ትዕግሥተኛ ይሆናል የሚለው ግምት ፉርሽ ነው። ይልቁንም ጩኸቱ ይበዛል፤ ጩኸቱም የሚሄደው ጎረቤቱ ወደሆነው የቦርድ አባል ነው። ድሮ ሩቅ አገር ያለ ሀብታም ትሳደባለህ፤ እሱ አይሰማህም። አሁን የምትሳደበው ሰው ዳቦ ቤት ያገኝሃል።

ትልቁ ጉድለት ግን ሜዳው ነበር። ፍራተን ፓርክ አርጅቷል። የደኅንነት ጥገናው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ ይጠይቃል። የትኬት ገቢ ደመወዝ ይችላል፤ ጣሪያና መቀመጫ ግን አይችልም። ካልተጠገነ ደግሞ የሚገባው ሰው ቁጥር ሊቀነስ ነው። በገቢህ ልክ ኑር የሚለው መርሕ እዚህ ግድግዳ ገጨ።

በዚህ መሐል አሜሪካዊ ባለሀብት ብቅ አለ፤ በፊልምና በቴሌቪዥን ዓለም ስመ ጥር የነበረ ሰው። ክለቡን በ5.67 ሚሊዮን ፓውንድ ልግዛ፣ በተጨማሪ 10 ሚሊዮን ላፍስስ አለ። ሜይ 2017 ላይ ራሱ ከተማው ድረስ መጥቶ በአዳራሽ ለደጋፊው አስረዳ።

ክርክሩ የጦፈ ነበር። አንዱ ወገን "ዕንባችን ገና ሳይደርቅ እንደገና ሀብታም?" አለ። ሌላው "ጣሪያው በፍቅር አይጠገንም" አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ይህ ክርክር ከ2006ቱ ይለያል። ያኔ ማንም አልጠየቃቸውም። አሁን ሻጮቹ እነሱ ናቸው። የገዢውን ዕቅድ አነበቡ፤ ጥያቄ ጠየቁ፤ የክለቡን ስም፣ አርማና ቀለም የሚጠብቅ አካል እንዲኖር በውሉ አስገቡ። ከዚያ ድምፅ ሰጡ። ከ80 በመቶ በላይ "ይሸጥ" አለ። ኦገስት ላይ ርክክቡ አለቀ።

ይህ የደጋፊ ባለቤትነት ሽንፈት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። በ2013 የገዙት ሊዘጋ የነበረ፣ ማንም የማይነካው ክለብ ነበር። በ2017 የሸጡት ከዕዳ የጸዳና ሻምፒዮን የሆነ ነው። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ቢኖር ትንሽ ድርሻ እንኳ ለራሳቸው አለማስቀረታቸው ነው። አምስት በመቶም ብትሆን ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ትሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ

አዲሱ ባለቤት ስታዲየሙን አደሰ። ሜዳ ላይ ግን ሊግ አንድ ውስጥ ሰባት ዘመን ቆዩ። በ2019 በታችኞቹ ሊጎች ዋንጫ ፍጻሜ ሰንደርላንድን በመለያ ምት አሸነፉ፤ ዌምብሌይ 85,000 ሰው ገብቶ ነበር። በ2024 የሊግ አንድ ሻምፒዮን ሆነው ወደ ቻምፒዮንሺፕ ተመለሱ። በሰባቱ ዓመት መሐል ከደጋፊው ከፊሉ ምን እያለ ነበር? "ሰውየው ቋጣሪ ነው፤ ኪሱን አይዳብስም!"

ለእኛ ክርክር የሚሆን

አንደኛ፣ "ባለቤቱ ያወጣል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ "ያወጣው ገንዘብ የማን ነው?" ነው። ስጦታ ነው? አክሲዮን ነው? ወይስ በክለቡ ስም የተጻፈ ብድር? የማንቼ ደጋፊ ከ2005 ጀምሮ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው፤ ግሌዘሮች ክለቡን ሲገዙ ብዙውን ገንዘብ ተበድረው ዕዳውን ክለቡ ላይ ጫኑት። ፖርትስማውዝ ላይ ያው ነገር በትንሽ ክለብና በደካማ ትከሻ ላይ ነው የሆነው።

የተጫዋች ዝውውርንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ዜናው የሚያወራው ስለ መግዣ ዋጋው ነው። ክለብ የሚሰብረው ግን ብዙ ጊዜ የመግዣው ዋጋ አይደለም፤ የአራት ዓመት ደመወዙ ነው። የገዛኸውን ልትሸጠው ትችላለህ። በዚያ ደመወዝ የሚወስድልህ ከሌለ ግን እስከ ውሉ መጨረሻ የአንተው ነው። በ2012 በጋ የሆነው ይሄው ነው።

የሜዳውን ነገር ደግሜ አነሣዋለሁ። ክለብህ የሚጫወትበት ሜዳ በማን ስም ነው? በመያዣ ተይዟል? አብዛኛው ደጋፊ የሁለተኛ ግብ ጠባቂውን ዕድሜ ያውቃል፤ ይህንን አያውቅም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ መልኩ ይለያል። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው የሚኖሩት። ሀብታም ገዝቶ በዕዳ የሚጥላቸው አይደሉም። ግን አንድ ኪስ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ያው ነው። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ ተጫዋች ልምምድ ያቆማል፤ ደጋፊ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና መታወቂያ የያዘ፣ መዋጮ የለመደ ደጋፊ አላቸው። ይህ የፖርትስማውዝ ሰዎች በቀውስ መሐል የገነቡት ነገር ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ደጋፊው ለከፈለበት ነገር ሒሳብ መጠየቁ ነው። ዕድራችን ውስጥ ገንዘብ ያዡ በዓመት አንዴ ደብተር ይዞ ይቆማል፤ አሥር ብር ብትጎድል ይጠየቃል። ለክለብ ስንከፍል ለምን እንደማንጠይቅ አላውቅም። ምናልባት ፍቅር ስለሆነ ይሆናል።

አንድ የማይገለበጥ ነገርም አለ። ፖርትስማውዝ የፍርድ ቤት ሥርዓት፣ የሚነበብ የኪሳራ ሕግና የሚያበድር ምክር ቤት ነበረው። እነዚህ በሌሉበት "እኛም እንግዛው" ማለት ብዙ አያስኬድም።

ይህንን ሁሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለዚያ ጎረምሳ ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ። አምቡላንሶቹ ጋ ስደርስ ራሱን ነቀነቀ። ስጨርስ ቢራውን ጨለጠና፣ "ጋሼ፣ ገብቶኛል" አለኝ። "ግን ጃንዋሪ ላይ አጥቂ ይገዙልናል አይደል?"